ገመድ የሚገዛ ደንበኛ

አንድ ሰው ሱቃችሁ መጥቶ ስኳር ሲገዛ፣ ስኳር የገዛ ይመስላችኋል አይደል? እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ቡራዩ ላይ ሸቀጣሸቀጥ ስሸጥ ስኳር ላለኝ ስኳር፣ ሳሙና ላለኝ ሳሙና እየሰጠሁ ሸኘሁ። ሌላ ምን ላድርግ? ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ የገባኝ አዲስ አበባ ወርጄ የሁለት ቀን ሥልጠና ከወሰድኩ በኋላ ነው።

ሥልጠናው «የደንበኛን ባሕርይ በዳታ ማይኒንግ ሶፍትዌር ማጥናት፤ ለጀማሪዎች» ይላል። እኔ የወደድኩት «ለጀማሪዎች» የምትለዋን ነው። በዚህ ዕድሜዬ ጀማሪ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረማ! አሠልጣኙ ከረባቱ አንገቱን የያዘው ወጣት ነው። ዳታ ማይኒንግ ማለት ቁፋሮ ነው አለን። ወርቅ አውጪው አፈሩን እንደሚያጥበው ሁሉ እኛም የሽያጭ ደብተራችንን እናጥባለን። ሶፍትዌሩ ማን፣ ምን፣ ከምን ጋር እንደሚገዛ፣ ከዚያም ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ቁልጭ አድርጎ ይነግረናል። «ደንበኛችሁ ራሱን ከሚያውቀው በላይ ታውቁታላችሁ» አለ። ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ «እኔ እንኳን ደንበኛዬን ሚስቴንም አላውቃት» ቢል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አሁን ሳስበው የሥልጠናውን ዋና ነጥብ የተናገረው ያ ሰውዬ ነበር። ያኔ ግን የሻይ ሰዓት ደርሶ ስለነበር ማንም አልጻፈው።

ሶፍትዌሩን በፍላሽ ይዤ ተመለስኩ። ኮምፒዩተሩን ባንኮኒው ላይ፣ በሳሙናና በመኮሮኒ ካርቶን መሃል አቆምኩት። ባለቤቴ ዘነበች «ሚዛኑስ?» አለችኝ። ሚዛኑ መሬት ወረደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ ጥናት ላይ፣ እሷ ጎንበስ ብላ ስኳር ምዘና ላይ ሆንን።

ጊዜው የማስተር ፕላኑ ጊዜ ነው። ታስታውሱታላችሁ። አዲስ አበባ በዙሪያዋ ካሉት ከተሞች ጋር በአንድ ፕላን ልትመራ ነው ተባለ። ካርታ አለ ተባለ። ካርታውን በዓይኑ ያየ ሰው ግን አልተገኘም፤ ባላየው ካርታ ላይ የገዛ ቤቱ ሲፈርስ ያላየ ሰውም አልተገኘም። ገበሬው «መሬቴ» አለ፤ ወጣቱ አደባባይ ወጣ፤ መንገድ ተዘጋ። ሰበታ ጎማ ሲነድ ሱሉልታ ሚኒባስ ይጠፋል። ሱሉልታ ስትረጋ የኛ ተራ ይደርሳል። እኔ በጉዳዩ ላይ አስተያየት እንዳለኝ ብትጠይቁኝ፣ የለኝም። ነጋዴ ነኝ። የነጋዴ አስተያየት በሩ ላይ ነው፤ ይከፍታል ወይም ይዘጋል።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሃል ነው እኔ ሰውን ስም እየጠየቅሁ ኮምፒዩተር ውስጥ ማስገባት የጀመርኩት። ብልህ ጊዜ መረጥኩ አትሉም? አንዲት ሴት «ለአንድ ፍሬ ሳሙና ስሜ ምን ያደርጋል?» አለችኝ። «ለጥናት ነው፣ እህቴ» አልኳት። ሳሙናውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ እየሮጠች ማለት በሚቻል እርምጃ ሄደች። እኔም መዘገብኩ፦ ደንበኛ ስም ሲጠየቅ ሳሙና ይመልሳል። የመጀመሪያው ግኝቴ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ግኝቴ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሶፍትዌሩ አስልቶ አስልቶ፣ ሻማ የሚገዛ ሰው ክብሪትም ይገዛል አለኝ። ዘነበችን ጠርቼ አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ ስክሪኑን አየችና «መብራት ሲጠፋ ማለቱ ነው?» አለች። የሠለጠነ ሰው እንዲህ ባለ ነገር አይበሳጭም። ጥናቴን ለማስፋት ሰበታ ሱቅ ያለውን የአጎቴን ልጅና ሱሉልታ የምትነግደውን እህቴን የሽያጭ ደብተር አዋሱኝ አልኳቸው። ሰጡኝ። የእህቴ ደብተር ግማሹ የልጆቿ የቤት ሥራ ነበር። አንዱንም ሳላስቀር አስገባሁት።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረኝ። መንገድ በሚዘጋበት፣ ወይም ሰው ዝር በማይልበት ቀን ምን ብዬ ልመዝግብ? ሶፍትዌሩ ባዶ ቀን አይቀበልም፤ በቀይ ቀለም ይቆጣል። «ዕቃ ያስገቡ» ይላል። ምን ዕቃ? ጠዋት ከፍቼ እስከ ማታ ስጠብቅ ከውሻ በቀር ያለፈ የለ። አሰብኩ፣ አሰብኩና በዕቃ ስም ላይ «ምንም» ብዬ ጻፍኩ። ብዛት፦ አንድ። ሶፍትዌሩ ደስ አለው። ከዚያ በኋላ «ምንም» ከመኮሮኒ ቀጥሎ በብዛት የሚወጣ ሸቀጤ ሆነ።

ታላቁ ግኝት የመጣው ከዚህ ነው።

አንድ ጠዋት ሶፍትዌሩን «ከ ‘ምንም’ በፊት ሰው ምን ይገዛል?» ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ አጉረመረመና መልሱን አወጣ። ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ሽምብራና የናይለን ገመድ። አራቱ በአንድነት በተሸጡ ማግስት «ምንም» ይሸጣል! ገዢው ማን ነው? ሁልጊዜ አንድ ሰው። ኦቦ ደበላ።

ኦቦ ደበላን ላስተዋውቃችሁ። ከገፈርሳ ወዲህ ማዶ እርሻ አላቸው። ዝናብም ፀሐይም ቢሆን ባርኔጣቸው ከራሳቸው አይወርድም። ገና ከበር «ይርጋ፣ አካም ቡልቴ?» ይሉኛል። እኔም ሰላም ነኝ ለማለት «ነጋ፣ ኦቦ ደበላ፣ እርስዎስ ደኅና አደሩ?» እላለሁ። ከዚያ ዕቃቸውን ቆጥረው፣ ገመዱን በክንዳቸው ለክተው ይሄዳሉ። ስማቸውን ስጠይቃቸው እንኳ እንደሌላው አልደነገጡም። «ደበላ ነኝ፣ ረሳኸኝ እንዴ?» ብለው ስቀው ነበር። እኚህ ሰው ገመድ በገዙ ማግስት ከተማው ጭር ይላል! እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታስባላችሁ? እኔ ሳይንሱ ያሰበውን አሰብኩ።

አሁን ወደ ጥፋቴ መጣሁ። ስሙን የማልጠራው የአንድ ጽሕፈት ቤት የጸጥታ ኃላፊ የነበረ አቶ ጌትነት የሚባል ሰው ነበር። ማስቲካ የሚገዛው ከኔ ነው። አንድ ቀን ማስቲካውን እየላጠ «ነገ እንዴት ይመስልሃል፣ ጋሽ ይርጋ?» አለኝ። በዚያን ጊዜ ይህ ጥያቄ አልነበረም፤ ሰላምታ ነው። ማንም ሰው «እሱ ያውቃል» ብሎ ወደ ላይ አይቶ ያልፈዋል። እኔ ግን የሁለት ቀን ሥልጠና ነበረኝ።

«ነገ ሰው አይኖርም» አልኩት።

«እንዴት አወቅህ?»

«ኦቦ ደበላ ገመድ ገዝተዋል።»

ማኘኩን አቆመ። እኔ መናገሬን ባቆም ጥሩ ነበር። ግን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥናቴን በአክብሮት ሲያዳምጠኝ ነው። ስክሪኑን አዞርኩለት፤ አራቱን ዕቃዎች አሳየሁት፤ ኮምፒዩተር እንደማይዋሽም በሙሉ ልብ አረጋገጥኩለት። ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። ለማስቲካው ሂሳብ ልመልስለት ስል «ይቅር» አለኝ። እንዴት ደስ አለኝ!

በማግስቱ እውነትም ሰው አልነበረም። «ምንም» ብዬ መዘገብኩ። በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰዎች ኦቦ ደበላን «ለአጭር ማብራሪያ» ብለው ወሰዷቸው። ማብራሪያው አላጠረም። በዚያው አደሩ።

ወሬውን ያመጣችው ዘነበች ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ዓይኗ ቀልቶ ገባች። «ደበላን ወሰዷቸው!» ብላ ተቀመጠች። እኔ እንደ ተመራማሪ ረጋ አልኩ። ምሥጢሩን የማካፈል ግዴታም ተሰማኝ። «ዘነቡ፣ አትደንግጪ» አልኳት። «ነገሩ በጥናት የተደረሰበት ነው። እንዲያውም ልንገርሽ፤ ሰውዬው ገመድ በገዙ ማግስት አንቺም ከሱቅ ትጠፊያለሽ። ሶፍትዌሩ አንቺንም ይጠረጥርሻል።»

አየችኝ። ከዚያ ወደ ኮምፒዩተሩ አየች። ከዚያ እንደገና እኔን።

«ለቅሶ ነዋ የምሄደው!» አለች።

«የምን ለቅሶ?»

«ሰው ሞቶ! አንተ ሰውዬ፣ ደበላኮ የእድራችን ዕቃ ገዢ ናቸው! ስኳርና ሻይ ቅጠሉ ለለቀስተኛው፣ ሽምብራው ለንፍሮ፣ ገመዱ ለድንኳኑ! ደበላ ስኳር ሲያዙ ሰፈሩ ሁሉ ‘ኤኙቱ ዱኤ?’ ብሎ፣ ማን ሞተ ብሎ ነው የሚጠይቃቸው። አንተ ብቻ ስማቸውን ጠየቅኻቸው!»

«ጥሩምባ ለምን አልተነፋም ታዲያ?»

«ተነፍቷል። ያንተ ኮምፒዩተር ማራገቢያ እንደ ወፍጮ እየጮኸ ማን ይስማ?»

እውነቷን ነው። የእድሩን መዋጮ በሷ በኩል ነው የምሰጠው። ከሥልጠናው ወዲህ ቀብር ደርሼ አላውቅም። ሰፈሩ በሙሉ ሰው ሊቀብር ሲሄድ እኔ ብቻዬን ሱቅ ከፍቼ፣ ደንበኛ ምን ነካው ብዬ የደንበኛን ባሕርይ አጠናለሁ። ዘነበች ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። በዚያ ወራት ገመዱ የተገዛው ሁሌ ለሽማግሌ እንዳልነበረ ነገረችኝ። ከሟቾቹ ሦስቱ ልጆች ነበሩ፤ ጢም ያላበቀሉ። ስማቸውን አንድ በአንድ ጠራችልኝ። ሁለቱን አውቃቸዋለሁ፤ ከኔ ብስኩት እየገዙ ነው ያደጉት። ሦስቱንም ኮምፒዩተሩ ውስጥ ፈለግኳቸው። አገኘኋቸው። «ምንም፤ ብዛት አንድ» ይላል።

ተነስቼ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ባሕር ዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ ኦቦ ደበላ ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ተቀምጠዋል። «ይርጋ፣ አካም ቡልቴ?» አሉኝ እንደወትሮው። «ነጋ» ማለት አቃተኝ። ማን እንዳስያዛቸው አልነገሯቸውም ማለት ነው። ወይም ነግረዋቸዋል።

አቶ ጌትነት በጨዋ ደንብ አስተናገደኝ። የእድሩን ነገር ከስሩ አስረዳሁት።

«ገመዱ መንገድ ለመዝጋት አይሆንም?» አለኝ።

«ድንኳን ለመወጠር ነው።»

«ስኳሩስ? መንገድ የሚዘጋ ሰው ሻይ አይጠጣም?»

«የእድሩ ደብተር አለላችሁ፤ የሞተው ሁሉ በቀኑ ተጽፏል።»

«ደብተር ሰው የሚጽፈው ነው፣ ጋሽ ይርጋ። ኮምፒዩተር ግን አይዋሽም ያልከው አንተው ነህ።»

የገዛ ቃሌ እንዲህ ሲጠቀስብኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ከልመና በኋላ ግን አንድ ነገር ፈቀደልኝ። ዓርብ ከበላይ መኪና ይመጣል፤ ኦቦ ደበላን ይዞ ወዴት እንደሚሄድ እሱም አያውቅም። እስከዚያ ድረስ ለቅሶ ከተፈጠረ፣ ሌላ ሰው ያንኑ አራት ዕቃ ከገዛና በማግስቱ ሱቄ ጭር ካለ፣ የዕቃው ጠባይ እንጂ የሰውዬው ጠባይ አይደለም ማለት ነው። ያኔ ይለቃቸዋል። «ሳይንስ በሙከራ ነው የሚረጋገጠው» አለኝ። ሥልጠና የወሰደው እኔ ነኝ ወይስ እሱ?

ዕለቱ ማክሰኞ ነው። እስከ ሐሙስ አንድ ሰው መሞት አለበት።

ይህን ለሰፈሩ እንዴት አድርጋችሁ ታስረዳላችሁ? ደግነቱ ማስረዳት አላስፈለገም። ሁሉም ሰው ወዲያው የኦቦ ሂርጳን ቤት አሰበ። ኦቦ ሂርጳ ዕድሜያቸውን ራሳቸውም የማያውቁ፣ ከክረምት ጀምሮ ከአልጋ ያልወረዱ ሽማግሌ ናቸው። ቄሱ ሁለት ጊዜ መጥተው ተሰናብተዋቸዋል። ረቡዕ ዕለት ስደርስ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። እንዲህ ያለ ጠያቂ ኖሯቸው አያውቅም። አንዱ ገብቶ «ዛሬስ እንዴት ነዎት?» ይላል። «ደኅና ነኝ» ሲሉት ሳይወድ በግድ «ተመስገን» ብሎ ይቀመጣል። በዚህ ላይ ሰው ባዶ እጁን አልመጣም። አንዷ ጨጨብሳ በማር፣ አንዷ ትኩስ ወተት ይዛለች። የከረመ ብቸኝነት ነበር መሰለኝ ያደከማቸው። ጨጨብሳውን ሲጎርሱ ፊታቸው ወዛ። እኩለ ቀን ላይ ትራስ ጠየቁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ሰዉን አንድ በአንድ አይተው «ምን ሆናችኋል? የማን ለቅሶ ነው?» አሉ።

መዋሸት አልተቻለም። ነገርናቸው። ትራሳቸውን አመቻቹ።

«ለደበላ ከሆነማ ብሞትለት አይቆጨኝም፤ ደግ ልጅ ነው» አሉ። «ዛሬ ግን ጎኔን ተወት አድርጎኛል። ነገ ብቅ በሉ።»

ሐሙስ ጠዋት ብቅ አልን። ደጅ ወጥተው ፀሐይ እየሞቁ ነው!

ተስፋ ቆርጬ ሱቄ ተመለስኩ። ምን ቀረኝ? ሶፍትዌሩ ብቻ። ወደ ጉድ የከተተኝ እሱ ስለሆነ እሱው ያውጣኝ ብዬ እንደ አዲስ ጀመርኩ። አሠልጣኙ፣ መሥሪያ ቤቶች እንደ ሰው ባሕርይ ስለሌላቸው ከጥናቱ አውጧቸው ብሎን ስለነበር መጀመሪያ አውጥቻቸው ነበር። አሁን ማንን አውጥቼ ማንን አስቀራለሁ? ሁሉንም መለስኩ። የሰበታውንም፣ የሱሉልታውንም፣ የቤት ሥራውንም። በእድር ደብተሩ መሠረት የለቅሶውን ቀን «ለቅሶ» ብዬ አስተካከልኩ። «ምንም» የሚለውን መንገድ ለተዘጋበት ቀን ብቻ ተውኩት። እንዲያ ካደረግሁ በኋላ «ከ ‘ምንም’ በፊት ሰው ምን ይገዛል?» አልኩት።

ማራገቢያው ጮኸ። መልሱ ወጣ። ሁለት ካርቶን የታሸገ ውሃ፣ ብስኩት፣ ማርከር።

ይህን የሚገዛ ሰው በቡራዩ አንድ ብቻ ነው። እሱም ሰው አይደለም፤ ያ ስሙን የማልጠራው ጽሕፈት ቤት ነው። ውሃና ብስኩት የሚገዛው ሕዝብ ሲሰበስብ ነው። ስብሰባው ላይ ምን ይባላል? «ነገ ፍጹም ሰላም ነው፤ አትስጉ፤ ሱቃችሁን ክፈቱ» ይባላል። ሰው ይህን በሰማ ሰዓት ከስብሰባው በቀጥታ ወደኔ መጥቶ ዱቄትና ሻማ ይሸምታል፤ በማግስቱ በሩን ቀርቅሮ ይቀመጣል። ሰበታም እንዲሁ። ሱሉልታም፣ ከማባዛት ሠንጠረዡ ጋር፣ እንዲሁ!

ዓርብ በጠዋት ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ ይዤ ሄድኩ። መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሟል። ኦቦ ደበላ እዚያው አግዳሚ ላይ ናቸው። አቶ ጌትነት ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። እንደገና አነበበ።

«ይሄ ውሃ ገዢ ማን ነው?»

«ስሙን አልጻፍኩም። ሥልጠናው ላይ የደንበኛ ምሥጢር ይጠበቃል ተብለናል።»

«ማን ነው፣ ጋሽ ይርጋ?»

«ዕቃውን የምትወስደው የእናንተ ጸሐፊ ናት።»

ማስቲካውን ዋጠው። እኔ ከልቤ አሰብኩለት። በሳይንሱ መሠረት ገመድ የገዛ ከተያዘ ውሃ የገዛም መያዙ አይቀርም። ሰውዬው ደግሞ ቤተሰብ አለው። ስለዚህ በመስኮት ወደ ግቢው አየሁና «መኪናው ስንት ሰው ይይዛል?» አልኩት። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ቦታ ይጠበው ይሆን ብዬ ነው።

ተነስቶ በሩን ዘጋው። «ይሄንን ማን አይቶታል?» አለኝ። «ሰበታና ሱሉልታ ላሉት ዘመዶቼ ኮፒው በጠዋቱ ሚኒባስ ሄዷል፤ ደብተሩ የእነሱ ስለሆነ ውጤቱን ማሳወቅ ነበረብኝ» አልኩት። ወደ ጣሪያው ተመለከተ።

«ይሄ ሶፍትዌር ችግር አለበት» አለ በመጨረሻ።

«ለጀማሪ ነው» አልኩት።

መኪናው ባዶውን ሄደ። ኦቦ ደበላ እንዲሄዱ ሲነገራቸው ከአግዳሚው አልተነሱም። «ገመዴስ?» አሉ። ገመዱ አብሮ ተይዞ ኤግዚቢት፣ ማለትም ማስረጃ፣ ተብሎ ካዝና ተቆልፎበት ነበርና ቁልፍ የያዘው ሰው እስኪገኝ ቀትር ሆነ። ኦቦ ደበላ ገመዱን ተቀብለው በክንዳቸው ለኩት። አልጎደለም። ያኔ ወደ ቤት ሄድን። መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ዞር ብለው «ይርጋ፣ ማን እንደሞተ መጠየቅኮ ይቀል ነበር» አሉኝ።

እሑድ እድሩ ተሰብስቦ ፈረደብኝ። ከእንግዲህ ገዢው እኔ ነኝ። ሰው ሲሞት ጥሩምባው መጀመሪያ የሚነፋው የሱቄ በር ላይ ነው። ያ ጽሕፈት ቤትም ከዚያ ወዲህ ከኔ ውሃ ገዝቶ አያውቅም። የደንበኛን ባሕርይ ማጥናት ለምትጀምሩ ይህን እመሰክራለሁ፦ ዋናውን ደንበኛዬን ያጣሁት ባሕርዩን ያወቅሁ ዕለት ነው።

ኦቦ ሂርጳ በራሳቸው ጊዜ፣ ማንም ሳይጠብቃቸው፣ ከወራት በኋላ ሞቱ። ከገዛ ሱቄ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ሽምብራና ገመድ ገዛሁ። ሶፍትዌሩ እኔንም ጠርጥሮ ስሜን በቀይ ጻፈው። ኮምፒዩተሩን አጠፋሁና ድንኳን ልወጥር ሄድኩ። ገመዱን ከወዲህ ይዤ ቀና ስል፣ ከወዲያ ጫፍ የያዘው አቶ ጌትነት ነው። ለካ እሱም የእድራችን አባል ኖሯል፤ እንደኔው በሚስቱ በኩል የሚከፍል።

እየወጠርን ተጠጋኝና በሹክሹክታ «ጋሽ ይርጋ፣ ነገ እንዴት ይመስልሃል?» አለኝ።

«ነገማ ቀብር ነው፤ ሰው አይኖርም።»

«ከነገ ወዲያስ?»

ግራ ቀኝ አየሁ። «ውሃ ገዝታችኋል?» አልኩት።

መሬት መሬት እያየ «ከሰበታ አስመጣን» አለኝ።

ገመዱን ካስማው ላይ አጥብቄ አሰርኩና፣ ከነገ ወዲያም ሱቅ እንደማንከፍት ለዘነበች ልነግራት ሄድኩ።